ሃይማኖትና የዕለት ሥራ

ሃይማኖት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገቡ የሚለብሱት፥ ሲወጡም አውልቀው የሚያኖሩት ልብስ አይደለም። ክርስቲያን የሆነ ሁሉ በእግዚአብሔር ማመኑን በአፉ ይመሰክራል፤ በአንገቱ ማተብም ያሳያል። ነገር ግን የእምነቱ እውነተኛነት የሚታወቀው በእሑድ ቅዳሴ ብቻ ሳይሆን፥ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በገበያ፥ በመሥሪያ ቤትና በገዛ ቤቱ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው።

ሕዝባችን በጾም የሚታማ አይደለም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፥ ፍልሰታንም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ ረቡዕንና ዓርብንም ይጠብቃል። ይህ ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት ሊመሰገንና ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ሆኖም በጾሙ ወራት ከቅቤና ከሥጋ የራቀው ነጋዴ፥ ለፋሲካ የሚሸጠውን ቅቤ ከባዕድ ስብ፥ በርበሬውንም ከሸክላ ዱቄት ጋር የሚቀላቅል ከሆነ፥ ጾሙ ከጉሮሮው ቀርቷል፤ ወደ እጁ አልደረሰም። ከበግ ሥጋ ተከልክሎ የወንድምን ገንዘብ መብላት ምን ዓይነት ጾም ነው?

ይህ በሽታ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የሚገሥጻቸው ሰዎች ሰንበትን የሻሩ አልነበሩም፤ ሰንበትንስ ይጠብቁ ነበር። ነገር ግን ልባቸው በዓሉ አልፎ ስንዴአቸውን በጎደለ መስፈሪያና በሐሰት ሚዛን የሚሸጡበትን ሰዓት ይናፍቅ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የምናገኘው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ግን፥ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ደስታውን በምስጋና ቃል ብቻ አልገለጠም፤ የገንዘቡን እኩሌታ ለድኾች ሊሰጥ፥ የበደለውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። እምነቱ ከልቡ ተነሥቶ እስከ ገንዘብ ሣጥኑ ደረሰ ማለት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ398 ዓመት የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ የተሾመው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም፥ ቤተ መቅደሱን በሐር እያስጌጡ በደጅ በብርድ የሚሠቃየውን ድኻ የሚያልፉትን ሰዎች በስብከቱ አጥብቆ ይገሥጽ ነበር። የእኛም አባቶች ሃይማኖትንና የዕለት ኑሮን አልለያዩም። 51 አንቀጽ ያለው ፍትሐ ነገሥት ስለ ጸሎትና ስለ ጾም በሚያስተምርበት በዚያው መጽሐፍ፥ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት፥ ስለ ብድርና ስለ አደራም ይደነግጋል። በማተቡ ምሎ ቃሉን ያጠፈ ሰውም በአገራችን እንደ ነውረኛ የሚቈጠረው ስለዚሁ ነው።

ሕግ በበኩሉ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥን ይከለክላል፤ ጉቦ ተቀባይንም ይቀጣል። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ተቈጣጣሪ በየጓዳው ገብቶ ሊያድር፥ ፖሊስም በእያንዳንዱ ሚዛን አጠገብ ሊቆም አይችልም። በጓዳ የሚሠራውን ሁሉ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ያየኛል ብሎ ሚዛኑን የሚያስተካክል ነጋዴ፥ ባለጉዳይን ነገ ና እያለ የማያመላልስ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 እንዳዘዘው የቀን ሠራተኛውን ዋጋ ሳያሳድር የሚከፍል አሠሪ፥ ለዘመዱም ቢሆን በሐሰት የማይቆም ምስክር፥ የቤት ሠራተኛዋን እንደ ልጇ የምታይ እመቤት፥ እነዚህ ሁሉ ለአገር ከብዙ ዘበኛ ይልቅ ይጠቅማሉ።

ምናልባት፥ «ኑሮ ተወዷል፤ ሌላው የሚያደርገውን ካላደረግሁ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ችግሩ እውነት ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን ያንን ቅይጥ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባውም ልጆች ያሉት ድኻ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ማመን ማለትስ በተመቸ ጊዜ እግዚአብሔርን ማመስገን ብቻ አይደለም፤ ትርፉ በሚያንስበትም ሰዓት እንጀራን የሚሰጥ እርሱ መሆኑን አምኖ ከክፉ ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው።

እንግዲህ በየማለዳው በስመ አብ ብለን የምናማትብበት እጅ፥ ሚዛን የሚይዘው፥ ብዕር የሚጨብጠው፥ የሠራተኛንም ደመወዝ የሚቈጥረው ያው እጅ መሆኑን እናስተውል። ጠዋት ያማተበው እጃችን እስከ ማታ ድረስ ከማማተቡ ጋር የሚስማማ ሥራ እንዲሠራ እግዚአብሔር ይርዳን።