«የተበሉትስ የት ሄዱ?»

አየር ጤና፣ እናቴ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ የወረቀት ሥዕል ተሰቅሏል። ከዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተገዛ፣ ፀሐይ ያደበዘዘው የኅትመት ሥዕል ነው። ባለፈው እሑድ የሰባት ዓመቷ ልጄ ከሥሩ ቆማ «እማማ፣ እነዚህ ጥቁሮቹ ለምን አንድ አንድ ዐይን ብቻ አላቸው?» ብላ አያቷን ጠየቀች።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሥዕል ግን ታነባለች። «እነሱ አጋንንት ናቸው። ክፉ በጎኑ ይሣላል፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ያይሻል» አለቻት። ከዚያም የበላዔ ሰብእን ታሪክ በጣቷ እያሳየች ተረከችላት። የቅምር አገር ሰው ነው፤ 78 ነፍስ በልቷል። ውኃ ለጠማው ለምጻም ግን በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በፍርድ ጊዜ እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍባት፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ ሚዛን ደፋች።

ልጄ ዝም ብላ ቆየችና «የተበሉትስ የት ሄዱ?» አለች።

«አርፈሽ ስሚ!» ልላት ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ። «እኔም ልጅ ሆኜ ይኼንኑ ጠይቄ ተቆንጥጫለሁ። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ነይ፣ አብረን እንፈልጋቸው።» ሁለቱም ተጠግተው ፈለጉ፤ የሉም። ልጄ ደብተሯን አውጥታ ትሥላቸው ጀመር፤ ሁሉንም ፊት ለፊት፣ በሁለት ሁለት ዐይን። 11 ላይ ደከማትና «ሌሎቹን ሳምንት» አለች።

ታሪኩ ያለው በተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከ600 ዓመት በፊት፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ዘወትር እንዲነበብ ያዘዙት ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ሠዓሊው ደረሰለት። የታተመ ሥዕልም ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ነበር፤ ሥዕሎቹ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የተመቱ ናቸው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ያንን እያዩ ሣሉ፤ ቀለሙንና ዐይኑን ግን የራሳቸው አደረጉት። ስለዚህ «ኅትመት ነው» ብለን የግድግዳችንን ወረቀት አንናቀው።

ወላጆች፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትመጣ ይህ ታሪክ በየቤቱ ይነሣል። ልጆቻችሁን ሥዕሉ ፊት አቁሟቸው፤ አያት ይተርክ፣ ልጅ ይጠይቅ። መልሱ ከጠፋችሁ እንደ እናቴ «አላውቅም» በሉ። የተቆነጠጠ ልጅ ጥያቄውን አይረሳም፤ እናንተን መጠየቁን ግን ይተዋል።