የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሬዲዮ የተከለከለው ኮርቬት

የዚህ እትም ጉዳያችን የድሮ ስፖርት መኪኖች ከፋብሪካ በትዕዛዝ ይገጠሙላቸው የነበሩ ዕቃዎች ናቸው። በ1967 እ.ኤ.አ. ለሸቭሮሌት ኮርቬት ኤል 88 የተባለውን ሞተር ያዘዘ ሰው 947 ዶላር ከ90 ሳንቲም ይጨምራል፤ ሬዲዮና ማሞቂያ ግን ይከለከላል። ከፍሎ መቀዝቀዝ ማለት ይኼ ነው! በዚያ ዓመት የተሠሩት 20 ብቻ ናቸው። አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. በጨረታ 3.85 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ገንዘቡ እንዲህ ሲሆን ሞተር ለውጦ «ዋናው ይኸው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ስለዚህ በነዳጅ ታንኩ አናት ላይ ፋብሪካው ይለጥፈው የነበረው የትዕዛዝ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ በዝርዝር አቅርበናል። በቀለሙ ውበት ተማርካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ታንኩን አስወርዱ።