የዕቃው ዋጋ ሌላ፣ የመላኪያው ዋጋ ሌላ

አንድ ደንበኛ ከመደብራችን ገብቶ «ይህ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው። በኢንተርኔት ገበያ ግን ለዚሁ ጥያቄ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ አንደኛው በትልቅ ፊደል የሚጻፈው የዕቃው ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገዢው ልቡ ወደ ዕቃው ካዘነበለ በኋላ በትንሽ ፊደል የሚታየው የመላኪያ ዋጋ ነው። የዕለት ሥራዬ በአንድ የነጋዴ ቤት ደብዳቤ መጻፍና የሽያጭ ሂሳብ ማዘጋጀት ስለሆነ፣ በእነዚህ በሁለቱ መስመሮች መካከል ስላለው ነገር የሚሰማኝን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ለመግለጽ እወዳለሁ።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤታችን የደረሰ ኪሳራ ነው። ቤታችን የስፌት መኪናና የስፌት መኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ለአንድ አሮጌ መኪና የሚሆን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ መለዋወጫ በመርካቶ ስላጣን፣ በአሜሪካ አገር የሚኖሩት የባለቤቱ ወንድም ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ገዝተው በመንገደኛ እጅ እንዲልኩልን ለመንናቸው። የዕቃው ዋጋ 6 ዶላር፣ የመላኪያው 19 ዶላር ነበር። ዕቃው ከቤታቸው ሲደርስ ግን በመጠቅለያው ላይ የተለጠፈው ቴምብር 5 ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆኖ አገኙት። ፎቶግራፉን በላኩልን ጊዜ ደግሞ መለዋወጫው ከመኪናችን ጋር የማይስማማ መሆኑ ታወቀ። ስሕተቱ የሻጩ አልነበረም፤ የሞዴሉን ቁጥር ስጽፍ ሁለት አሃዝ ያዘዋወርሁት እኔው ነኝ። ወንድምየው ዕቃውን በራሳቸው ወጪ መለሱት፤ ሻጩም በደንቡ መሠረት «የዕቃውን ዋጋ» መለሰላቸው፤ ይኸውም 6 ዶላር ነው። 19ኙ ዶላር የመላኪያ ስለሆነ አይመለስም ተባለ። ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡኝም፤ «እንግዲያውስ የሸጠልን መለዋወጫ ሳይሆን ቴምብር ነው» ብለው ዝም አሉ።

ይህ ዘዴ እንዴት እንደ ተጀመረ ለማወቅ ወደ ኢቤይ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተቋቋመ፣ ማንም ሰው ዕቃውን በጨረታ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ነው። የገበያው ባለቤት ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሲዮን ይወስዳል፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት ኮሚሲዮኑ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ እንጂ በመላኪያው ላይ አልነበረም። በዚህ ምክንያት 25 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለው ሰው ዋጋውን 1 ዶላር፣ መላኪያውን 24 ዶላር ብሎ ቢጽፍ ከኮሚሲዮኑ የሚበዛውን ያመልጥ ነበር። ገበያው ከመጠን ያለፈ የመላኪያ ዋጋ የሚከለክል ደንብ ቢያወጣም «ከመጠን ያለፈ» የሚለውን ቃል በየዕቃው ለመወሰን አስቸጋሪ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኮሚሲዮኑ በዕቃውና በመላኪያው ድምር ላይ እንዲታሰብ ሆነ። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ኤትሲ የተባለው ገበያም እ.ኤ.አ. በ2018 ኮሚሲዮኑን ከመቶ 3.5 ወደ 5 ሲያሳድግ በመላኪያው ላይ ጭምር እንዲከፈል አደረገ።

ከኮሚሲዮን ማምለጥ ቢቀርም ዋጋን መክፈሉ አልቀረም። ምክንያቱ በገዢው አእምሮ ውስጥ ስላለ ነው። ታንጂም ሆሴንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ዓይነት የሙዚቃ ሲዲዎችንና የኤክስቦክስ ጨዋታዎችን በኢቤይ ላይ በሁለት መንገድ ለጨረታ አቅርበው ነበር። በአንደኛው የመነሻው ዋጋ 4 ዶላር ሆኖ መላኪያው በነፃ ነው፤ በሁለተኛው የመነሻው ዋጋ 1 ሳንቲም ሆኖ መላኪያው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ድምሩ ያው 4 ዶላር መሆኑን ልጅ እንኳ ይደምረዋል። ነገር ግን ብዙ ተጫራች የመጣውና የበለጠ ገንዘብ የተገኘው በሁለተኛው ነበር። መላኪያው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ እየከበደ ሲሄድ ግን በሲዲዎቹ ላይ ጥቅሙ ታጥቷል። እንግዲህ ገዢ ሙሉ በሙሉ አይታለልም፤ ነገር ግን ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ መላኪያውን ለይቶ የሚጽፍ ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የአማዞን ገበያ ያገለገሉ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት በ1 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። ለመጽሐፍ የመላኪያውን ዋጋ 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ብሎ የወሰነው ግን ሻጩ ሳይሆን ራሱ አማዞን ስለ ነበረ፣ ሻጮቹ በዋጋ ሲፎካከሩ ወደ 1 ሳንቲም ወረዱ፤ ትርፋቸውም ከመላኪያው ላይ የገበያው ድርሻና የፖስታ ቤቱ ሂሳብ ተቀንሶ የሚቀረው ጥቂት ገንዘብ ሆነ። በዚህ ነገር የተጎዳ ገዢ አላየሁም፤ አራት ዶላር ከፍሎ መጽሐፉን አግኝቷልና።

ሌሎች ደግሞ መድኃኒቱ «መላኪያው በነፃ ነው» ማለት ነው ይላሉ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2005 በዓመት 79 ዶላር ለሚከፍል ደንበኛ ለየዕቃው መላኪያ እንዳይጠየቅ ካደረገ ወዲህ ሕዝቡ ይህን ለመደው። ኤትሲም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ35 ዶላር በላይ ለሚገዛ የአሜሪካ ደንበኛ መላኪያ የማያስከፍሉትን ሻጮች በፍለጋው ገጽ ላይ ማስቀደም ጀመረ። እኔ ግን ይህን አልቀበለውም። ፖስታ ቤት ለማንም በነፃ አይሠራም፤ ኪራዩ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ተሸሽጓል ማለት ነው። ሦስት ዕቃ በአንድ ካርቶን የሚወስድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ይከፍላል፤ ከሱቁ አጠገብ የሚኖረውም ለሩቅ አገሩ ሰው ይከፍላል። መደበቁ ወደ ሌላው መስመር ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ከሁሉ የተሻለ አስተያየት ያገኘሁት በአውሮፓ ኅብረት የገዢዎች መብት መመሪያ ውስጥ ነው። ይህ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ ከሰኔ 2014 ጀምሮ ሲሠራበት፣ ሻጩ የመላኪያውን ዋጋ ገዢው ከማዘዙ በፊት ካልገለጸ ገዢው እንዳይከፍል ያዛል። በርቀት ግዢ ገዢው በተፈቀደለት 14 ቀን ውስጥ ግዢውን ቢሰርዝም፣ ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተለመደውን የመላኪያ ዋጋ ጭምር መመለስ አለበት፤ ገዢው ፈልጎ የመረጠው ፈጣን መላኪያ ካለ ብልጫው ብቻ አይመለስም። መልሶ መላኪያውን ግን ሻጩ ካልቻለለት በቀር ገዢው ይችላል። የእኛ 19 ዶላር በዚህ ደንብ ቢዳኝ ኖሮ ይመለስ ነበር። ትርፉን በመላኪያው ውስጥ የሸሸገ ሻጭም ዕቃ በተመለሰ ቁጥር ትርፉን አብሮ ስለሚመልስ፣ መሸሸጉ የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር የከተማችንን ገበያ ይመልከት። ዛሬ በአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚሸጠው ልብስ፣ ጫማና የቤት ዕቃ ብዙ ነው። ከዋጋው ሥር «ማድረሻ ለብቻ» ተብሎ ይጻፋል፤ ስንት እንደ ሆነ ግን አይጻፍም። (ዋጋውን ራሱን «በውስጥ መስመር ጠይቁ» የሚሉትን ለሌላ ቀን ትቻቸዋለሁ።) ደንበኛው የሚያውቀው ሞተረኛው ከበሩ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ለመመለስ ያፍራል። ወደ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ የሚላከው ዕቃማ ጭራሽ ደረሰኝ የለውም። በጉምሩክ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ከውጭ ለገባ ዕቃ ቀረጥ የሚታሰበው የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና የማጓጓዣ ኪራዩ ተደምሮ ስለሆነ፣ አስመጪው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ቢያዛውረው ድምሩ ያው ነው። ቀረጥ ለሚሰበስበው መንግሥት ድምሩ ከታየ፣ ገንዘብ ለሚከፍለው ደንበኛ የማይታይበት ምክንያት አይገባኝም።

ስለዚህ የምክር ቤታችን አባላት የሆኑ ነጋዴዎች በራሳቸው ፈቃድ እንዲህ ቢያደርጉ እላለሁ። በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ የሚጻፈው ዕቃው ደንበኛው ዘንድ እስኪደርስ የሚከፈለው ድምር ይሁን፤ ቦታው ካልታወቀም ለየሰፈሩና ለየከተማው የሚከፈለው ይዘርዘር። ከድምሩ ሥር የመላኪያው ዋጋ ለብቻው ይጻፍ፤ መጠኑም አጓጓዡ በእርግጥ ከተቀበለው አይብለጥ። በቤታችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወደ ክፍለ ሀገር ለምንልከው ዕቃ ሁሉ የአጓጓዡን ደረሰኝ ከሂሳቡ ጋር እናያይዛለን፤ ደረሰኝ የማይሰጥ አጓጓዥም ትተናል። በዚህ ምክንያት የተወሰኑ ደንበኞች ዋጋችሁ ከሌላው ይበልጣል ብለው የሄዱብን መሆኑን አልደብቅም፤ የመጀመሪያው ቁጥራችን ትልቅ ነውና። አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ ሌሎቹ አልተመለሱም።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልተወሰነልንም። የካርቶኑና የማሸጊያው ወጪ በየትኛው መስመር ይጻፍ የሚለው ነው። ባለቤቱ ካርቶን የሚያስፈልገው ስለሚላክ ነውና ከመላኪያው ይደመር ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አጓጓዡ ያልተቀበለው ገንዘብ ስለሆነ ከዕቃው ዋጋ ይግባ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ወደ ጅማ የላክነው ሂሳብ በእርሳቸው አሳብ ወጥቷል።