ዶሮዋ አትጾምም

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት»ን በአርባ ምንጭ በይፋ ካስጀመረ ወዲህ ዶሮ ከማጀት ወጥታ የፖለቲካ ቋንቋ ሆናለች። ስንት ጫጩት እንደ ተሠራጨ፣ ስንት እንቁላል እንደ ተመረተ በየሪፖርቱ እንሰማለን። ዓላማውን የሚነቅፍ ያለ አይመስለኝም። ዳሩ ግን ጫጩት ማደል አንድ ነገር፣ ዶሮ መቀለብ ሌላ ነገር ነው።

እስቲ እዚህ አብነት፣ ቤት ከቤት ተደጋግፎ በቆመበት ሰፈር፣ በግቢ ጥግ 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የያዘች አንዲት እናት እናስብ። አንዲት ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትፈልጋለች። ለ200ዎቹ 24 ኪሎ መሆኑ ነው፤ አንድ ኩንታል አምስት ቀን አያደርስም። የገጠሯ ዶሮ ጭራ ታድራለች። የአብነቷ ግን የምትጭርበት መሬት የላትም፤ እያንዳንዷ ጥሬ በገንዘብ ትገዛለች። ከእርባታ ወጪ 60 እስከ 70 በመቶው መኖ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

መኖው ደግሞ በቆሎ፣ አኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ፣ በዚያም ላይ ከውጭ የሚገባ የቪታሚን ድብልቅ ነው። በቆሎውን ሰው ይሻማል፤ ድብልቁ ዶላር ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ የጓሮ እንቁላልም ከባንክ መስኮት ጋር የተቆራኘ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጾሙ ወራት ነው። (ጾሙን መንቀፌ አይደለም፤ እኔም እጾማለሁ።) በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የእንቁላል ገበያ ሲቀዘቅዝ ዶሮዋ መብላቷንም መጣሏንም አታቋርጥም። በእነዚያ ቀናት ብቻ 200ዎቹ ከ13 ኩንታል በላይ መኖ ይጨርሳሉ። የሙስሊም ጎረቤቶች ደንበኝነት ባይኖር ምን ይውጣት ነበር? የራሱ መኖ ማቀነባበሪያና ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ እርባታ ፋሲካን ይጠብቃል። እርሷ ግን እንቁላሉ ሳይበላሽባት በተገኘው ዋጋ ትሸጣለች። እርሱም ሳይበቃ ሲቀር፣ «የፈረንጅ ዶሮ ለወጥ አትሆንም» ከሚል ገዥ ጋር ተከራክራ፣ እየጣሉ ያሉትን ዶሮዎች ሸጣ መኖ ትገዛለች።

ለዚህች እናት ሌላ 50 ጫጩት መስጠት ዕዳ መጨመር ነው። የሚያሻት ከመሰሎቿ ጋር ሆና መኖን ከአምራቹ በጅምላ የምትገዛበት ማኅበርና ክፍያው ከፋሲካ በኋላ የሚጀምር አነስተኛ ብድር ነው። የሸማቾች ማኅበራት ዘይትና ስኳር ሲያከፋፍሉ ኖረዋል፤ መኖ የማያከፋፍሉበት ምክንያት አይታየኝም። ሽታውና የግቢው ጥበት በጎረቤት ዘንድ የሚያስነሣው ቅሬታ ሐሰት አይደለም፤ እርሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሪፖርት አቅራቢዎቻችንም ጫጩቶቹን በታደሉበት ቀን ከመቁጠር ይልቅ፣ በዳግም ትንሣኤ ማግስት በየሰፈሩ ዞረው ስንት የዶሮ ቤት ባዶውን እንደ ቀረ ቢነግሩን እንወዳለን።