በጆንያ የተደበላለቀ የበግ ጸጉር ዋጋ አያወጣም

በጨፋ ሮቢት ሜዳ የሚሰማራው የቆላ በግ ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ለፈትል አይመችም። ከሜዳው በስተምዕራብ ባሉት የደቡብ ወሎና የመንዝ ደጋዎች ያለው በግ ግን ብርዱን የሚቋቋምበት ረጅም ጸጉር አለው። ባና፣ ዝተትና በርኖስ የሚሠሩት ከዚሁ ጸጉር ነው። በመንዝ ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ።

የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየገበያው ከተስፋፋ ወዲህ በግ የሚገመተው በአብዛኛው በሥጋው ነው። ጸጉሩ ሲሸለትም ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው ከነጭቃው አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጆንያ የሚወጣው ክር መልኩ ይዥጎረጎራል፤ ፈታይዋም ቆሻሻ ስትለቅም ትውላለች። ኪሳራው የሚጀምረው እንግዲህ ከፈትሉ በፊት፣ በሸለታው ቀን ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በጉ ከመሸለቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ታጥቦ ይድረቅ። ሸለታው በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ሆኖ፣ የሆድና የእግር ጸጉር ለብቻው ይቀመጥ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ጆንያ ይኑረው። የተሸለተው ጸጉር ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ሲታጠብ መታሸት የለበትም፤ ከታሸ ወይም ከሙቅ ውኃ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከገባ ተጣብቆ ለፈትል አይሆንም።

ቀለም የሚፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ለምሳሌ ሦስት እጅ ነጭና አንድ እጅ ጥቁር ተመዝኖ፣ በስሱ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ይነጠፋል። ከዚያ ከጎን እየተመዘዘ በእጅ ይፍታታል፤ በደጋን ይነደፋል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም ወጥ አመድማ ባዘቶ ይገኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተነደፈ ዝንጉርጉር ክር ይወጣል፤ እሱንም የሚፈልግ ገዢ አይጠፋም። ደማቅ ቀለም ከተፈለገ ነጩ ጸጉር ሳይፈተል ይቀለምና ከጥቁሩ ወይም ከቡናማው ጋር ይቀየጣል። ማቅለሚያው ለበግ ጸጉር የሚሆን መሆኑ ይረጋገጥ፤ ለጥጥ የተዘጋጀው ጸጉሩን በደንብ ላይዝ ይችላል።

ሁለት ነገር እንዳይዘነጋ። ለአንድ ባና የሚበቃው ጸጉር በሙሉ ከፈትሉ በፊት ይቀየጥ፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂቱ የተቀየጠ ክር በሽመናው ላይ ልዩነቱ ያጋልጣል። ከእያንዳንዱ ቅይጥም ትንሽ ናሙና ከነመጠኑ ተጽፎ ይቀመጥ። ያንኑ ቀለም ደግሞ የሚጠይቅ ደንበኛ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።

ጉዳዩ የዝርያ ማሻሻያንም ይመለከታል። በአመድ ጉያ የበግ ብዜት ማዕከል ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል የቆየው የአዋሲ ዝርያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጸጉሩ ለምንጣፍ ሥራ የሚውል ነው። ሰውነቱ በአብዛኛው ነጭ በመሆኑም ለማቅለም ይመቻል። ለፈትል ሙያ ግን ጥቁሩና ቡናማው የአገሬው በግም ያስፈልጋል፤ ያለ ማቅለሚያ መልክ የሚሰጠው እሱ ነው። አውራ በግ ሲመረጥ ክብደት ቀዳሚ መሆኑ ተገቢ ነው። ጸጉሩ ጨርሶ ካልታየ ግን አርሶ አደሩ አንዱን ገቢ ሳያውቀው ያጣል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከዚህ ሁለት ሥራ ሊወስዱ ይችላሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ በግ ማድለብ ሲያስተምሩ ሸለታንና ቀለም መለየትን አብረው ያሳዩ። የደጋ ፈታዮችና ሸማኔዎችም በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ካሉት ከከሚሴና ከሰንበቴ ገበያዎች ጋር ይገናኙ። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን የሚያገናኝ ነው። ለዚህ ደግሞ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ሰላም መሆን አለበት። የደጋዋ ፈታይ ክሯን ይዛ ወርዳ፣ ሸጣ በሰላም መመለስ ካልቻለች የቀለሙ ማማር ብቻውን ቤቷን አይደጉምም።