የመምረጥ መብትና ሥጋትን የመሸከም ዐቅም፦ የአውሮፓ የኤሌክትሪክ ገበያና አነስተኛ ድርጅቶች

የአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሪክ ገበያውን ለውድድር መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ ነው። በ2003ቱ መመሪያ መሠረት ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2004 ጀምሮ የንግድ ድርጅቶች ሁሉ አቅራቢያቸውን የመምረጥ መብት አገኙ። መብቱ ለሁሉም እኩል ተሰጠ፤ ከመብቱ ጋር የመጣውን የዋጋ ሥጋት የመሸከም ዐቅም ግን እኩል አልነበረም።

በጅምላ ገበያው የየሰዓቱን ዋጋ የሚወስነው ፍላጎትን ለማሟላት በመጨረሻ የሚጠራው ውድ ማመንጫ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በጋዝ የሚሠራ ነው። በ2022 ከሩሲያ የሚመጣው ጋዝ ሲቀንስና ብዙዎቹ የፈረንሳይ የኑክሌር ማመንጫዎች ለጥገና ሲቆሙ፣ የኦገስት ወር አማካይ የፈረንሳይ ዋጋ በሜጋዋት ሰዓት ከ400 ዩሮ በላይ ሆነ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ውላቸውን ያደሱ የፈረንሳይ ዳቦ ጋጋሪዎች የችግሩ ዋና ማሳያ ናቸው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ ወቅት ከ36 ኪሎቮልት አምፔር በላይ ኃይል የሚወስዱ ደንበኞች በመንግሥት የሚወሰነውን ታሪፍ ማግኘት አይችሉም ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ዳቦ ቤት ደግሞ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ጋጋሪ፣ የኃይል ግዥ ባለሙያ ከሚቀጥረው ፋብሪካ ጋር በአንድ ሜዳ ቆመ። መንግሥት በ2023 መጀመሪያ ለእነዚህ ጥቃቅን ድርጅቶች በዓመት አማካይ 280 ዩሮ ጣሪያ ለማበጀት ተገደደ።

ድጋፍ ቁጠባን ያዳክማል፣ ዋጋም የእጥረቱን መጠን በግልጽ ማሳየት አለበት የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክሩ ፍጆታውን ማሸጋሸግ ለሚችል ድርጅት ይሠራል። የጧት ዳቦ ግን ወደ ሌላ ሰዓት አይዛወርም፤ ለጋጋሪው የዋጋ መናር የመቆጠብ ምልክት ሳይሆን የመዘጋት ማስጠንቀቂያ ነው።

በ2024 የጸደቀው ማሻሻያ አባል አገሮች የረጅም ጊዜ የኃይል ግዥ ውሎችን በዋስትና እንዲደግፉ ይጠይቃል። አቅጣጫው ትክክል ነው። ዋስትናው ግን ለትልልቅ ገዢዎች ብቻ ከዋለ ያው ልዩነት ይቀጥላል። አነስተኛ ድርጅቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ ፍጆታቸውን አንድ ላይ ደምረው፣ በጋራ ዋስትና እንዲገዙ መንገዱ ሊከፈትላቸው ይገባል። የገበያ መከፈት ስኬትም በአቅራቢዎች ብዛት ሳይሆን፣ አነስተኛው ገዢ ቀጣዩን የዋጋ ቀውስ ሳይዘጋ ማለፍ በመቻሉ ሊለካ ይገባል።