ሒሳቡ ይነበብልን

የምርጫ ሰሞን ሲደርስ የተስፋ ቃል ይበዛል። መንገዱ፣ ፋብሪካው፣ ቤቱ፣ ሥራው ሁሉ በወረቀት ላይ ተሠርቶ ያልቃል። እኛ ይህን ማኒፌስቶ ለማዘጋጀት ስንነሳ ከመጻፋችን በፊት መጠየቅን መረጥን። በእድር ድንኳን፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በሱቅ ደጃፍ ከነዋሪዎች ጋር በተወያየንበት ሁሉ «ለአገራችን ኢኮኖሚና አስተዳደር መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብለን ጠይቀናል። መልሱ ብዙ ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። «ገንዘባችን የት እንደገባ ይነገረን፤ ሒሳቡ ይነበብልን» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ሕዝቡ ከማንም አልተማረውም፤ የኖረበት ነው። እድራችን ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ዳኛ መርጦ ይሾማል። ጠቅላላ ጉባኤው ሲሰበሰብ ገቢውና ወጪው በአባላት ፊት ይነበባል፣ ደረሰኝ ይቀርባል፣ ያጎደለ ይጠየቃል፣ ካስፈለገም ይሻራል። እቁብተኛውም ዋስ ሳይጠራ ዕጣውን አይወስድም። ለድንኳንና ለብረት ድስት ሒሳብ የሚጠይቅ ሕዝብ የአገሩን ግምጃ ቤት ሒሳብ እንዳይጠይቅ የተደረገው በምን ምክንያት ነው? ይህን ማድረግ አይችልም እንዳይባል፣ ሲያደርገው የኖረ ነው። ሕጉ አይፈቅድለትም እንዳይባል፣ በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ተጠያቂ እንደሚሆን ደንግጓል። ስለዚህ የጎደለው የሕዝብ ችሎታ ወይም ሕግ ሳይሆን መዝገቡን ለመክፈት ፈቃደኛ የሆነ መንግሥት ነው።

መዝገቡ መዘጋቱ ያስከፈለን ዋጋ

በ2003 የተጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት ውስጥ ስኳር ወደ ውጭ የምንልክ እንደምንሆን አብስሮን ነበር። ዕቅዱ በ2007 ሲያበቃ አገሪቱ አሁንም ስኳር ከውጭ ትገዛ ነበር። ፋብሪካው ሲዘገይ ብድሩ አልዘገየም። በዚያው በ2007 መንግሥት ከዓለም ገበያ በቦንድ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። በታኅሣሥ 2016 ከዚሁ ቦንድ የሚፈለግበትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዋጋ ንረቱማ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር።

ጦርነቱም፣ ወረርሽኙም፣ የዓለም ገበያ መናጋትም ድርሻ እንዳላቸው አንክድም። ይሁን እንጂ ብድሩ ሲፈረም፣ ፋብሪካው ሲታቀድ፣ ወጪው ሲጸድቅ «ይህ ገንዘብ ተመልሶ ይገኛል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ማን ነበር? በ2007ቱ ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤቱን መቀመጫ በሙሉ ይዘው ነበር። ሁሉም እጅ በአንድነት በሚነሳበት ምክር ቤት ውስጥ ሒሳብ ጠያቂ ከየት ይመጣል?

የመዝገብ መዘጋት የሚጎዳው ትልልቁን ፕሮጀክት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2014 በአዲስ አበባ ከ25,000 በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ ያልቆጠቡ ሰዎች በመረጃው ውስጥ መካተታቸው ስለታወቀ ዕጣው ተሰርዟል። ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ለዓመታት የቆጠበ ሰው ስሙ በትክክል መመዝገቡን የሚያረጋግጥበት ክፍት መዝገብ ቢኖር ኖሮ ስሕተቱ ከዕጣው በፊት በተገኘ ነበር።

አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል አውርሰውናል። አባባሉን የፈጠረው ሹመቱ ከላይ የሚሰጥበት፣ ሽረቱም ከላይ የሚመጣበት ሥርዓት ነው። ሿሚውም ሻሪውም ሕዝብ ሲሆን አባባሉ ቦታ ያጣል።

ከእናንተ የሰማናቸው መፍትሔዎች

አንደኛ፣ የወረዳው ሒሳብ በየሦስት ወሩ በነዋሪው ፊት ይነበብ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1998 ጀምሮ በለጋሾች ድጋፍ በተካሄደው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደርጎ ነበር። ሕዝቡ የሚፈልገው የታቀደውን ብቻ ሳይሆን የወጣውንም ነው። ለክሊኒኩ መድኃኒት ስንት ተያዘ? ስንት ተገዛ? ከማን? በምን ዋጋ? እኛ ይህ ንባብ የኃላፊው በጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ በሕግ የታዘዘ ግዴታ እንዲሆን እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን የሚያነበውን ሰው እኛው እንምረጠው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። በዚያን ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ራሱ ድምፅ ለመስጠት ደርሷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ያልተመረጠ አስተዳዳሪ የሚፈራው የሾመውን እንጂ ነዋሪውን አይደለም። በመሆኑም የአካባቢ ምርጫ ቀኑን ጠብቆ እንዲካሄድ በምክር ቤት የመጀመሪያ ጥያቄያችን እናደርገዋለን።

ሦስተኛ፣ ግብር በማስረጃ እንጂ በግምት አይጣል። በ2009 ክረምት በደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች ላይ የተጣለው የቀን ገቢ ግምት ስንት ሱቅ እንዳዘጋ ታስታውሳላችሁ። ነጋዴው ያኔም ዛሬም የሚለው «ግብር አልከፍልም» አይደለም። «የገመታችሁበትን በጽሑፍ ስጡኝ» ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ደመወዝተኛውም የራሱ ሐሳብ አለው። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ2008 ጀምሮ በ600 ብር ላይ ቆሞ ቆይቶ በ2017 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ገበያው ግን ቆሞ አልጠበቀውም። ስለዚህ ወለሉ ከዋጋ ንረት ጋር እየተመዘነ በየዓመቱ ይከለስ የሚለውን ሐሳብ ተቀብለናል።

አራተኛ፣ «ነገ ተመለስ» በጽሑፍ ይሁን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በምክንያት አስደግፎ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቅር የተሰኘም ለፍርድ ቤት አቤት እንዲል መንገድ ይከፍታል። ይህን መብቱን የሚያውቅ ባለጉዳይ ግን ስንት ነው? በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር አገልግሎቱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይናገራል፤ ቀኑ ሲያልፍ ማን እንደሚጠየቅ ግን አይናገርም። እኛ ቀኑ ያለፈበት ባለጉዳይ የዘገየበትን ምክንያትና የኃላፊውን ስም በጽሑፍ እንዲቀበል እናደርጋለን። ጉቦ የሚያድገው በቃል በሚሰጥ መልስ ውስጥ ነው።

አምስተኛ፣ ኑሮ ውድነቱን ከምንጩ እንያዘው። ለዓመታት መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በመበደር ሲሸፍን፣ ከምርት ያልመጣ ብር ወደ ገበያ ገብቶ የእያንዳንዳችንን ብር አርክሷል። በ2017 የጸደቀው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ለዚህ ብድር ገደብ አበጅቶለታል። ገደቡን እንደግፋለን፤ መከበሩ ግን በየሩብ ዓመቱ ለምክር ቤትና ለሕዝብ ይነገር። ሌላው ምንጭ መንገድ ላይ ነው። እህል የጫነ መኪና ከገበሬው እስከ ከተማው በየኬላው ሲከፍል የሚሄደው ገንዘብ ተደምሮ የሚያርፈው በእናት መሶብ ላይ ነው። ደረሰኝ የሌለው የኬላ ክፍያ ሁሉ ይቁም።

ስድስተኛ፣ የኦዲት ግኝት መሳቢያ ውስጥ አይቅር። ዋናው ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። በየዓመቱ ያልተወራረደ፣ ያልተሰበሰበ፣ ከደንብ ውጪ የተከፈለ ሒሳብ ሲነገረን ኖረናል። ከ2014 ጀምሮ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ በተቃዋሚ አባል መመራቱ መልካም ጅምር ነበር፤ ነገር ግን ሰብሳቢው በሐምሌ 2015 መጨረሻ ለእስር ተዳረጉ። እኛ የኮሚቴው ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ አባል መሰጠቱ በሕግ እንዲጸና፣ ግኝት የቀረበበት መሥሪያ ቤትም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ ካልሰጠ ጉዳዩ በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ እንዲመራ እናደርጋለን። እኛ መንግሥት ብንሆንም ያው ወንበር የተቃዋሚዎቻችን ይሆናል።

ቃል የማንገባው

የተከበራችሁ መራጮች፣ ሣሩን እያሳየን ገደሉን አንሸፍንባችሁም። ዶላር ወደ 57 ብር ይመለሳል አንልም። የጤፍ ዋጋ በተመረጥን ማግሥት ይወርዳል አንልም። የተጠራቀመው ዕዳ የሁላችንም ዕዳ ነውና ማን ቢመረጥ መክፈሉ አይቀርም። ሰላም ባልሰፈነበት መንገድም ማንም ፓርቲ ገበያ ሊያረጋጋ አይችልም፤ በመሆኑም ችግሮች በጠመንጃ ሳይሆን በድርድር እንዲፈቱ ያለማሰለስ እንሠራለን። መዝገብ መከፈቱ ብቻውን ዳቦ እንደማይሆንም እናውቃለን። ነገር ግን መዝገቡ ተዘግቶ ዳቦው ለምን እንዳነሰ እንኳ ማወቅ አይቻልም። ዳግመኛ በስማችን የሚፈረም ብድር ሳናውቀው እንዳይፈረም የሚያደርገን እርሱ ነው።

«እናንተስ ተመርጣችሁ ብትዘጉትስ?» ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሀብት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ሹመኛውና የሕዝብ ተመራጩ ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። እኛ ዕጩዎቻችን ሳይመረጡ፣ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት፣ የሀብታቸውን ዝርዝር በሚወዳደሩበት ወረዳ እንዲለጥፉ ወስነናል። የፓርቲያችንም የምርጫ ዘመቻ ገቢና ወጪ በየጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ ይለጠፋል። ያልለጠፈ ዕጩ የእኛ ዕጩ አይደለም፤ ድምፃችሁን ንሱት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 እምነት ያጣችሁበትን ተመራጭ ከቦታው የማንሳት መብት ሰጥቷችኋል። ይህ መብት በተግባር የሚውልበት ሥርዓት እንዲዘረጋ እንታገላለን፤ መጀመሪያም በራሳችን ላይ እንዲሠራ እንፈቅዳለን።

በምርጫ ካርዳችሁ የምትሾሙት ጌታ አይደለም፤ ገንዘብ ያዥ ነው። ለዕጩ ሁሉ፣ የእኛም ይሁን የሌላ፣ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ሒሳቡን መቼ፣ የት፣ በማን ፊት ታነባለህ?» ቀኑንና ቦታውን ቆርጦ የነገራችሁን ምረጡ።

ሥልጣን የሕዝብ ነው! ሒሳቡም ለሕዝብ ይነበብ!